በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቤትና ኑሮ፦ ጥያቄና መልስ

የዶክትሬት ትምህርቴን በተከታተልኩባቸው ስድስት ዓመታት አራት ቤት ቀይሬአለሁ፤ ከዚያም ውስጥ ሁለቱን ዓመት በተማሪዎች ማኅበር የተከራዮችን አቤቱታ በሚቀበል ኮሚቴ አገልግያለሁ። ጠበቃ ስላልሆንኩ የምመልሰው ካየሁትና ካነበብኩት ተነሥቼ ነው። የቤት ሕግ ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ በዚህ የውይይት ቡድን ጥያቄ የምታቀርቡ ሁሉ የምትሄዱበትን ግዛት ጻፉ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ በመጪው ኦገስት ትምህርት እጀምራለሁ። ቤት መፈለግ ያለብኝ ከመቼ ጀምሮ ነው?

መልስ፦ ከተማዎን አልነገሩኝም። በዊስኮንሲን ግዛት እንዳለችው እንደ ማዲሰን ባሉ ከተሞች ለግቢው ቅርብ የሆኑ ቤቶች ለቀጣዩ ዓመት መያዝ የሚጀምሩት ገና በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው። በማዲሰን ደግሞ ብዙው የተማሪ ውል ኦገስት 14 አልቆ አዲሱ ኦገስት 15 ስለሚጀምር፣ በመካከል ባለችው ሌሊት ብዙ ሰው ዕቃውን ጭኖ ማደሪያ ያጣል። ስለዚህ ውሉ የሚጀምርበትን ቀን ሳያዩ የአውሮፕላን ትኬት አይቁረጡ። የቅበላ ደብዳቤዎ በማርች ከደረሰዎ ደግሞ ዘገየሁ ብለው አይደንግጡ፤ ለመስክ ጥናት ወይም ለበጋ ሥራ የሚሄዱ ተማሪዎች ቤታቸውን ለሌላ ተከራይ ስለሚያስተላልፉ ከሜይ በኋላ ሌላ ዙር አለ።

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን ሚሺጋን ውስጥ አንድ ቤት ልንከራይ ነው። ሁለቱን የማውቃቸው በስልክ ብቻ ሲሆን አከራዩ የላከልን አንድ ውል ነው። ችግር ይኖረዋል?

መልስ፦ ይኖረዋል፤ ወደ ኮሚቴያችን ይመጣ ከነበረው አቤቱታ የሚበዛው መነሻው ይኸው ስለነበር በደንብ ላብራራው። ሦስታችሁ በአንድ ወረቀት ላይ ስትፈርሙ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ኃላፊነታችሁ «በአንድነትና በነጠላ» መሆኑን ይናገራል። ኪራዩ በወር 1,800 ዶላር፣ የእያንዳንዳችሁ ድርሻ 600 ዶላር ነው እንበል። አንዱ በዲሴምበር ትምህርቱን አቋርጦ ቢሄድ አከራዩ ሙሉውን 1,800 ዶላር ከቀራችሁት ከሁለታችሁ፣ ቢፈልግም ከእርስዎ ብቻ መጠየቅ ይችላል። «እኔ ድርሻዬን ከፍያለሁ» የሚለው ክርክር በእናንተ መካከል እንጂ በእርሱ ላይ አይሠራም። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ደግሞ በዓመቱ አጋማሽ የሚለቅበት ምክንያት አያጣም፤ አማካሪው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ተከትሎት ይሄዳል፣ የብቃት ፈተናውን ይወድቃል፣ ለዕረፍት ወጥቶ ቪዛው ይዘገይበታል። እኔ ራሴ በሁለተኛው ቤቴ የአንድ ጓደኛዬን የአራት ወር ድርሻ ከፍያለሁ። ገንዘቡን መልሶ ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀበት፤ እስከዚያ ድረስ በትምህርት ክፍሉ መተላለፊያ ላይ ስንገናኝ ሁለታችንም ስልካችንን እናይ ነበር።

ስለዚህ አስቀድመው አከራዩ በየመኝታ ክፍሉ ለየብቻ የሚያዋውል እንደሆነ ይጠይቁት። እንዲህ ያለው ውል የሌላውን ዕዳ አያሸክምዎትም፤ ጉዳቱ ግን ባዶ በቀረው ክፍል አከራዩ የፈቀደውን ሰው ማስገባቱ ነው። እምቢ ካለ፣ ለቅቆ የሚሄድ ሰው ተተኪ እስኪያገኝ ድረስ ድርሻውን እንደሚከፍል ሦስታችሁ በጽሑፍ ተስማሙ። ወረቀቱ አከራዩን ባያስገድደውም በመካከላችሁ ክርክር ቢነሣ በአነስተኛ የገንዘብ ይገባኛል ችሎት ማስረጃ ይሆናል። ቤቱን በዐይናችሁ፣ ካልሆነም በምታምኑት ሰው ዐይን ሳታዩ ገንዘብ አትላኩ።

ጥያቄ፦ እኛ ደግሞ አምስት ነን። በውሉ ላይ ሦስት ሰዎች ብቻ ብንፈርም ኪራዩ ይረክስልናል።

መልስ፦ የከተማውን ደንብ አይታችሁታል? ብዙ የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ዝምድና የሌላቸው ስንት ሰዎች በአንድ ቤት መኖር እንደሚችሉ ይወስናሉ። የዚህ ታሪክ ራሱ የተማሪ ቤት ታሪክ ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ የምትገኘው የቤል ቴር መንደር ዝምድና የሌላቸው ከሁለት በላይ ሰዎች በአንድ ቤት እንዳይኖሩ ከልክላ ሳለ፣ በአቅራቢያው ባለው በስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ስድስት ተማሪዎች አንድ ቤት ተከራዩ፤ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1974 ዳኞቹ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ደንቡን አጸኑት። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን በ1980 በግዛቱ ሕገ መንግሥት ላይ ተመሥርቶ እንዲህ ያለውን ገደብ ውድቅ አድርጎታል፤ ግዛታችሁን ጻፉ የምለው ለዚህ ነው። ስሙ በውሉ ላይ የሌለ ሰው ጎረቤት ባመለከተ ማግስት የሚወጣ ሰው ነው፤ የፈረሙትም ውል በማፍረስ ይጠየቃሉ።

ጥያቄ፦ ማኅበራዊ ኑሮው እንዴት ነው?

መልስ፦ ጥያቄው በጣም ሰፊ ነው።

አንድ አባል፦ እርሳቸው ባይመልሱም እኔ ልናገር። ከአገሬ ልጆች ጋር መኖሬ ነው የመጀመሪያውን የበረዶ ወራት ያሻገረኝ። ስታመም ሐኪም ቤት የወሰዱኝ እነርሱ ናቸው።

ሌላ አባል፦ ይህ ምክር ሰው ይጎዳል። እኔም ሁለት ዓመት እንዲሁ ኖሬ ከቤተ ሙከራዬ ሰዎች ጋር ሳልተዋወቅ ቀረሁ። ከዚያ የባሰው ደግሞ ይሉኝታው ነው፤ የመብራት ሒሳብ ያልከፈለን የአገር ልጅ ማን ይጠይቃል?

አንድ አባል፦ ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው ከማንም ጋር ቢኖር አይጠይቅም። ጥፋቱን በአገር ልጅ ላይ አታሳቡ።

መልስ፦ ሁለታችሁም የምትከራከሩት ስለ ሰው ጠባይ ነው፤ ሒሳቡ ወር በገባ በስንተኛው ቀን እንደሚከፈል በወረቀት ካሰፈራችሁ ይሉኝታው ግማሽ በግማሽ ይቀላል። ስለ ማኅበራዊ ኑሮው ካነሣችሁ አይቀር፣ የከተማውን የዓመት ዑደት ዕወቁ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ለረጅሙ ዕረፍት ሲሄዱ ከተማው ይራቆታል፤ ለምርምር የቀረው የድኅረ ምረቃ ተማሪ ብቸኝነቱ የሚሰማው ያን ጊዜ ነው። በሌላ በኩል ሚሺጋን ውስጥ ባለችው በአን አርበር ከ107,000 በላይ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ስላለ፣ የአሜሪካ እግር ኳስ በሚካሄድባቸው ቅዳሜዎች በአካባቢው ማንበብ ይቅርና መንገድ መሻገርም ያስቸግራል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች በሚበዙበት ጎዳና ከመከራየት አሥራ አምስት ደቂቃ ራቅ ብላችሁ በአውቶቡስ መስመር ላይ ተከራዩ። ሰው መልመድ የሚከብደው ሰው የኅብረት ሥራ ቤቶችን ይመልከት፤ በአን አርበር ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቆዩ አሉ። በእነዚህ ቤቶች ነዋሪዎቹ ሥራውን ተከፋፍለው አብረው ስለሚመገቡ ትውውቁ በግድ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴንና የሁለት ዓመት ልጃችንን ይዤ ነው የምሄደው። አንድ አከራይ «ልጅ ያለው አልቀበልም» አለኝ። ይችላል?

መልስ፦ በአብዛኛው አይችልም። የ1968ቱ የፍትሐዊ መኖሪያ ሕግ በ1988 ሲሻሻል ልጅ ስላለ ብቻ ማከራየት መከልከልን ጨምሮ አግዷል። ነገር ግን አከራዩ ራሱ የሚኖርበትና ከአራት የማይበልጡ መኖሪያዎች ያሉት ሕንፃ ከዚህ ውጭ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ አከራዩ በቀለሙ ውስጥ ስላለው እርሳስ ስለተባለው መርዛማ ብረት የሚያውቀውን በጽሑፍ የመግለጽ ግዴታ አለበት፤ የተላጠ ቀለም ወደ አፉ ለሚወስድ የሁለት ዓመት ሕፃን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እርስዎ ኤፍ ዋን በተባለው የተማሪ ቪዛ ከሄዱ ባለቤትዎ መሥራት እንደማትችል ይወቁ። የእርስዎ ቀን በቤተ ሙከራ ሲያልፍ የእርሷ ቀን በአራት ግድግዳ መካከል እንዳያልፍ፣ ወረፋው ቢረዝምም የዩኒቨርሲቲውን የቤተሰብ መኖሪያ ዛሬውኑ ያመልክቱ፤ እዚያ በየደጁ እንደ እርሷ ያሉ ሰዎች አሉ።

ጥያቄ፦ መኪና ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ቤት ይከራዩ።

ጥያቄ፦ ሚሺጋን የምሄደው እኔም ነኝ። አከራዮች ተከራይ ሲገባ የሚያስይዘውን ገንዘብ፣ ማስያዣውን፣ አይመልሱም ሲባል እሰማለሁ።

መልስ፦ ማስረጃ የሌለው ተከራይ አይመለስለትም። በሚሺጋን ማስያዣው ከአንድ ወር ተኩል ኪራይ መብለጥ የለበትም። ሲገቡ የቤቱን ሁኔታ የሚመዘግቡበት ቅጽ ይሰጥዎታል፤ በ7 ቀን ውስጥ ሞልተው ይመልሱ። ሻንጣዎን ከመፍታትዎ በፊት እያንዳንዱን ግድግዳ፣ የምድጃውንም ውስጥ ፎቶ ያንሡ። ሲለቁ አዲሱን አድራሻዎን በ4 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። አከራዩ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘቡን ወይም የጉዳቱን ዝርዝር መላክ አለበት። ኒው ዮርክ የሚሄዱ ደግሞ ከ2019 ወዲህ ጣሪያው የአንድ ወር ኪራይ፣ የመመለሻው ጊዜም 14 ቀን መሆኑን ይያዙ። አድራሻ ሲቀይሩ ለዩኒቨርሲቲው የውጭ አገር ተማሪዎች ቢሮ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅንም አይርሱ፤ ይህ የቪዛ ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ይቅርታ፣ ከላይ ያለውን አላነበብኩም። ቤቱን በፎቶ ብቻ አይቼዋለሁ። ባለቤቱ ከአገር ውጭ ስለሆነ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ አስቀድመህ ማስያዣውን ላክ ብሎኛል። ልላክ?

መልስ፦ አይላኩ። ከላይ ጽፌዋለሁ፤ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ዛሬ ካልላክህ ሌላ ሰው ይወስደዋል ብሎኛል እኮ።

መልስ፦ ይውሰደው።