ስካይሪምን ወድዶ ፋይናል ፋንታሲ ለሰለቸው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ አሜሪካዊውን አርፒጂ (የአንድን ጀግና ሚና ይዘህ የምትጫወተውን የቪዲዮ ጌም) ስካይሪምን ደጋግመህ ተጫውተሃል፤ ጓደኛህ የጃፓኑን አርፒጂ ፋይናል ፋንታሲ ሰባትን ቢሰጥህ ግን ገና ከመጀመሪያው ከተማ ከሚድጋር ሳትወጣ ሰለቸህ። «ምንም አልመርጥም፤ ቁልፍ እየተጫንኩ ጽሑፍ አሳልፋለሁ፤ ሰው በጃፓን ጌሞች የሚያብደው ለምንድን ነው?» ብለሃል።

ከእኔ በፊት የመለሱልህ የምዕራባውያንና የጃፓን ጌሞችን ልዩነት ውጊያው ላይ አድርገውታል፤ የምዕራባውያኑ ፋታ የማይሰጥ፣ የጃፓኖቹ በየተራ የሚደረግ ነው በማለት። በዚህ አልስማማም። ባልደርስ ጌት ሦስትን የሠራው የቤልጅየም ኩባንያ ነው፤ ውጊያው ግን በየተራ ነው። ዳርክ ሶውልስ ጃፓናዊ ነው፤ ጋሻህን በጊዜው ካላነሣህ ግን ተራህን የሚጠብቅልህ የለም። እኔ የማየው ልዩነት ሌላ ነው፦ ዋናው ሰው የማን ነው?

ስካይሪም ሲጀምር እጅህ ታስሮ በጋሪ ላይ ነህ። ጥቂት ቆይተህ ከዐሥር ዘሮች አንዱን ትመርጣለህ፤ ፊትህን ትሠራለህ፤ ስም ታወጣለህ። ያ ሰው ባዶ ነው፤ ሌባም ሆነ አስማተኛ የሚሆነው አንተ ስትሞላው ነው። የፋይናል ፋንታሲ ሰባት ጀግና ክላውድ ግን ያንን ግዙፍ ጎራዴ ተሸክሞ ሲመጣ ኩራቱም ቁስሉም ከእርሱ ጋር ነው። ስሙን መቀየር ትችላለህ፤ ጠባዩን አትችልም። አንተ የእርሱ የመንገድ ጓደኛ ነህ። ስለ ራሱ የሚያወራውን ሁሉ አትመነው እንጂ ከዚህ በላይ አልነግርህም፤ ጌሙን የጨረሰ ሁሉ የምን ማለቴ እንደሆነ ያውቃል። ክላውድ አንተ ራስህ የሠራኸው ባዶ ሰው ቢሆን ኖሮ ያ ታሪክ ባልሠራ ነበር።

የሚገርመው የምዕራቡም የጃፓኑም ጌሞች ከአንድ ሥር መብቀላቸው ነው። በ1974 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምነግርህ) አሜሪካ ውስጥ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው፣ ተጫዋቹ የጀግና ሚና የሚይዝበት የጠረጴዛ ጨዋታ ወጣ፤ በ1981 ኡልቲማ እና ዊዛርድሪ የተባሉ ጌሞች ያንን መንፈስ ወደ ኮምፒውተር አመጡት። ጃፓናዊው ዩጂ ሆሪ እነዚህን ሁለቱን ወድዶ በ1986 ድራገን ኩዌስትን ሠራ። ችግሩ ፋሚኮም የተባለው የኒንቴንዶ መጫወቻ እንደ ኮምፒውተር የፊደል ሰሌዳ የለውም፤ በእጅህ ያለው የአቅጣጫ መስቀልና ጥቂት ቁልፎች ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ተናገር»፣ «ፈልግ»፣ «ተዋጋ» የሚሉ ትእዛዞች በትንሽ መስኮት ተደርድረው ቀረቡ።

ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ግን የሞት ጉዳይ ነው። በዊዛርድሪ ጀግናህ ሲሞት ቤተ መቅደስ ወስደህ ለማስነሣት ትሞክራለህ፤ ካልተሳካ ዐመድ ይሆናል፤ ዐመዱም አልነሣ ካለ ለዘላለም ጠፋ። በድራገን ኩዌስት ስትሞት ንጉሡ ፊት ትነሣለህ፤ ከገንዘብህ ግማሹ ይሄዳል፤ ያካበትኸው ልምድ ግን አይነካም። ስለዚህ እጁ ፈጣን ያልሆነም፣ ትዕግሥት ብቻ ያለው ሰው ይጨርሰዋል። ጃፓኖች ታሪኩን እስከ መጨረሻው ለሁሉም ሰው ለማድረስ ሲሉ ነፃነቱን ቀነሱት፤ አንተን ያሰለቸህም ይኸው ነው።

የምዕራቡን ነፃነት አላጣጥለውም። በ1997 በወጣው ፎልአውት፣ መጀመሪያ ላይ ነጥብ ስታከፋፍል ለአእምሮ ከአራት በታች ከሰጠህ ሰውየው ዐረፍተ ነገር መግጠም ያቅተዋል፤ ከሰው ጋር ሲነጋገር ያጉተመትማል፤ የሚያናግሩትም እንደዚያው ይመልሱለታል። ለዚህ ሁሉ ንግግር እንደገና የጻፈ ሰው አለ! ከስካይሪም በፊት በወጣው በሞሮዊንድ ጌም ደግሞ ለታሪኩ የሚያስፈልግ ሰው ብትገድል የትንቢቱ ክር መበጠሱን የሚነግር ጽሑፍ ይመጣል፤ ቀድሞ ካስቀመጥኸው መጀመር ወይም በተበላሸው ዓለም መቀጠል የአንተ ፋንታ ነው። በምትወደው ስካይሪም ግን እንዲህ ያለውን ሰው ብትቀጠቅጠው ተንበርክኮ ቆይቶ ይነሣል። አጥር እዚያም አለ፤ ራቅ ተደርጎ ስለታጠረ ነው ያላየኸው።

በነገራችን ላይ በእኛ አገር የጃፓን አርፒጂ ብዙ ያልተለመደበት አንዱ ምክንያት ፕሌይስቴሽን ቤቶች ይመስሉኛል። በሰዓት ወይም በጨዋታ እየከፈልክ፣ ከኋላህ ተራ የሚጠብቅ ወረፋ ይዞ እያየህ፣ የአርባ ሰዓት ታሪክ ማን ያነባል? እዚያ ኳስ ይነግሣል።

የቱ ይሻላል ላልኸው፣ እኔ ለታሪክ የጃፓኑን እመርጣለሁ፤ ዓለምን ለመዞር የምዕራቡን። አንተ ግን ከፋይናል ፋንታሲ ሰባት መጀመር አልነበረብህም። በ1995 የወጣውን ክሮኖ ትሪገር ሞክር፤ በስልክም በኮምፒውተርም ይገኛል፤ ከብዙዎቹ ያጠረ ነው፤ መጨረሻውም ከዐሥር በላይ ዓይነት አለው። መጀመሪያ ላይ በዓል ወዳለበት አደባባይ ትሄዳለህ። እዚያ እንደ ልብህ ተጫወት፤ ጠረጴዛ ላይ ያለውን የሰው ምሳ ብትፈልግ ብላው፤ እዚያ ከምታገኛት ልጅ ጋር ስትጋጩ ቀድመህ እርሷን ወይም የወደቀውን የአንገት ጌጥ አንሣ። በኋላ ፍርድ ቤት ትቆማለህ፤ ያኔ ያደረግኸውን ያዩ ሰዎች እየተጠሩ ይመሰክሩልሃል ወይም ይመሰክሩብሃል። ችሎቱን አይተህ አሁንም ካልጣመህ የጃፓንን የታሪክ ጌሞች ተዋቸውና ኤልደን ሪንግን ግዛ፤ እርሱም ጃፓናዊ ነው፤ ሰውየውን ግን አንተው ትሠራዋለህ።