ጠብቂ ያልኳት እናት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ነርስ ደወለችልኝ። «ሲስተር፣ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆነው። ከ“እማ” ሌላ ቃል የለውም። ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታው ይሉኛል። ልጠብቅ?» አለችኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

1984 ዓ.ም. ነው። ጤና ጣቢያ፣ ከአምስት ዓመት በታች ክፍል እሠራ ነበር። አንዲት እናት የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ተራ ትጠብቃለች። የብረት ትሪ ከእጄ አምልጦ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሕፃን ሁሉ ደንግጦ አለቀሰ። የእሷ ልጅ ግን ቀና እንኳ አላለም። የነጠላዋን ጥለት በጣቱ እየተከተለ ይጫወታል። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» አልኳት። ደስ አላት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «አይናገርም እኮ» አለችኝ። ዓመት ሳይሞላው ማጅራት ገትር ይዞት እንደነበርም ነገረችኝ። ካርዱ ላይ ኪሎውን ጻፍኩና «ወንድ አይደል? ጠብቂ» ብዬ ሸኘኋት።

ስድስት ዓመት ሲሆነው ተመልሳ መጣች። ትምህርት ቤት አልቀበልም ብሏት ነው። አልተቆጣችኝም። «ጠብቂ ብለውኝ ጠበቅኩ» ብቻ አለች። ልጁ አይሰማም ነበር። ያን ቀን ለምርመራ ልኬያት ቢሆን የምልክት ቋንቋ በጊዜ ይጀምር ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ቋንቋ አልነበረውም።

ሁለት ዓመት ሞልቶት «ውሃ ስጪኝ» ብሎ ሁለት ቃል የማያገጣጥም ልጅ ካለ አትጠብቁ። መጀመሪያ ጆሮው ይታይ። መግል የሚወጣውን ጆሮ ደግሞ «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብላችሁ አትተዉት።

ለልጅ አውሩለት ብሎ መምከር ድሮ አያስፈልግም ነበር። እናቴ ምጣዱ እስኪግል «እንቆቅልሽ» ትለናለች፤ «ምን አውቅልሽ» እንላለን። መልሱ ሲጠፋን «አገር ስጡኝ» ትላለች። ጎንደርን ሰጥተናት፣ ሐረርን ሰጥተናት እንጀራው ይወጣል። የዛሬ ወላጅ ልጁ እንዲበላለት ስልክ ይከፍትለታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም። በእንግሊዝኛ ካርቱን ብቻ ያደገ ልጅ አያቱን ማናገር ሲያቅተው የሚኮሩም አይቻለሁ። ያሳዝነኛል።

ለነርሷ ግን ራሴ ስልክሽን አውጪ አልኳት። ቤት ውስጥ ሲጫወት ቅረጪው፤ ሐኪም ፊት ልጅ ዝም ይላል።

ሐሙስ ጠዋት ጆሮ ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዛለች። አብሬያት እሄዳለሁ።