ጎንደር ነው የምኖረው፤ 60 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ጡረታ መፍራቴ የእምነት ማነስ ነው ወይ?

አይደለም። እየጸለዩም ሌሊት እንቅልፍ ማጣትዎ እግዚአብሔርን አለማመን አይደለም። ፍርሃቱን ግን ለሁለት ይክፈሉት።

የገንዘቡን ወደ ቢሮ ይውሰዱት። 10 ዓመት ካገለገሉ አበሉ ዕድሜ ልክ ነው። የአገልግሎት ዘመንዎ ፋይልዎ ላይ በትክክል መስፈሩን ሳይወጡ ያረጋግጡ።

«ከእንግዲህ ማን ይፈልገኛል?» የሚለውን ለእግዚአብሔር ይንገሩት፤ እንዲሁ፣ በዚሁ ቃል። ከባዱ ይሄ ነው። ደመወዝዎ ሳይቋረጥም አገልግሎት ይጀምሩ። ጎንደር የ44ቱ ታቦት አገር ናት፤ ሰንበት ትምህርት ቤቱ ልጆች የሚያስጠና፣ ሰበካ ጉባኤው ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ «እሱ ያውቃል» ብለው ጭንቀቱን ከባለቤትዎ አይደብቁ። የደበቁ ሰዎች እዚያው ቤታቸው ውስጥ ብቸኛ ሲሆኑ አይቻለሁ። ዛሬውኑ ቡና ላይ ያውሩት።