ባሕር ዳር ላይ በሳይክልና በካያክ፦ የጠየቃችሁኝን እነሆ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጣና ዳር እንግዳ እያስጎበኘሁ የምኖር ልጅ ነኝ፣ በየብስ ሳይክል በውሃ ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ትንሽ ጀልባ። ጥያቄ ካላችሁ ወዲህ በሉ ብዬ ነበር፣ ብዙ መጣ። የሚመሳሰለውን አንድ ላይ አድርጌ የምችለውን ያህል መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ ሳይክል ከልጅነቴ ወዲህ ነክቼ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከከተማው ጀምሪ እህቴ፣ ሌላ ቦታ መሮጥ አያስፈልግም። ባሕር ዳር ሜዳ ነው፣ ሳይክል ደግሞ ለከተማው ሰው ድሮም መሄጃው ነው፣ ተማሪው ሠራተኛው ሁሉም ይነዳል፣ ስለዚህ ሹፌሩም ሳይክል ማየት የለመደ ነው። መጀመሪያ ቀን ሐይቁ ዳር ዳሩን ንጂ፣ ከዛ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የተመረቀውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ ተሻገሪ፣ 380 ሜትር ነው፣ ለሳይክል የተለየ መስመር አለው። ቀጥሎ ቤዛዊትን ውጪ። ኮረብታው ላይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አለ፣ ዳገቱ አጭር ነው ግን ያስተነፍሳል፣ ከላይ ሆነሽ ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ ሲሄድ ታይዋለሽ። ማርሽ መቀያየርና ቁልቁለት ላይ ፍሬን በስሱ መያዝን እዛ ከለመድሽ ሌላው ይቀላል።

ጥያቄ፦ ዘጌ በሳይክል ይደረሳል ወይስ ጀልባ ግድ ነው?

ይደረሳል፣ እንደውም እኔን ብትጠይቁኝ ከሁሉም መንገድ የምወደው እሱን ነው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ነው፣ ለጀማሪ ሁለት ሦስት ሰዓት ያዙለት፣ ኮረኮንቹን አልፋችሁ አፋፍ የምትባለው ከተማ ስትደርሱ ወደ ሐይቁ የገባው የዘጌ ልሳነ ምድር ላይ ናችሁ ማለት ነው። ከዛ በኋላ ያለው ጫካ ነው፣ የቡና ጫካ፣ ከላይ ትልልቅ ዛፍ ከስር ቡና፣ መሬቱ ሥር የበዛበት ስለሆነ ጎማ ያንሸራትታል፣ በተለይ ጤዛ ካለ። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት አልተፈቀደም፣ ጫካው እስከዛሬ የቆየው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሌላው የጣና ዳር ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን ዘጌ ጫካ እንደሆነ ቀረ። ስለዚህ እባካችሁ ከመንገዱ አትውጡ፣ አቋራጭ ብላችሁ የቡና ችግኝ መሃል አትግቡ፣ የሰው ጓሮ ነው፣ የዓመት ኑሮው ነው። ሰው ሲመጣ ውረዱና ገፍታችሁ አሳልፉ፣ ሰላም በሉ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሱ ሳይክሉን ከቅጥሩ ውጪ አቁሙ፣ ጫማ አውልቃችሁ ግቡና የመቅደሱን ግድግዳ ሥዕል ሳትቸኩሉ እዩት። የዘጌ ልጅ አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ የምለው ለኮሚሽን አይደለም፣ የትኛው ቅያስ ወደ ሰው ቤት የትኛው ወደ ገዳም እንደሚወስድ እነሱ ናቸው የሚያውቁት፣ ቡና የሚያፈላ ቤትም እነሱ ናቸው የሚያሳዩዋችሁ።

ጥያቄ፦ እሳተ ገሞራ ሲባል እኔ የማውቀው አፋርን ነው፣ ጣናን ምን አገናኘው?

በጣም ጥሩ ጥያቄ። ወንድሜ የቆምክበት መሬት ራሱ እኮ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው። የሰሜን ምዕራብ ደጋ አብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቀልጦ የጠነከረ አለት የተነባበረ ነው፣ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው ጉና ተራራ ራሱ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው፣ ከ4,100 ሜትር በላይ። ጣና ደግሞ የተፈጠረው ከዛ በጣም ዘግይቶ በደቡብ በኩል የፈሰሰ ላቫ የውሃውን መውጫ ስለዘጋው ነው። ጢስ ዓባይ ላይ ውሃው የሚወረወርበት ጥቁር ገደልም ያው ጥቁር ድንጋይ ነው።

ለሳይክል ነጂ ይሄ ወሬ ብቻ አይደለም። ጥቁር ድንጋይ ሲሰበር ጠርዙ ስለት ነው፣ ካላማዳሪያ ይቆርጣል። ሲበሰብስ ደግሞ ጥቁር አፈር ይሆናል፣ ዋልካ፣ ክረምት ላይ ጎማው ላይ ተለጥፎ ተለጥፎ ፍሬኑ ጋ ሲደርስ ሳይክሉ ጭራሽ አልንቀሳቀስ ይላል፣ ያኔ ተሸክመህ ነው የምትሄደው። ዋልካ ባለበት ሜዳ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ አትግባ። እውነተኛ የእሳተ ገሞራ አፍ ማየት ከፈለግክ ደግሞ በአዲስ አበባ መንገድ እንጅባራ አጠገብ ዘንገና አለልህ፣ ክብ ሐይቅ ዙሪያው ደን፣ ከፍታው ከባሕር ዳር በብዙ ይበልጣል ይበርዳል፣ ሹራብ ያዝ።

ጥያቄ፦ ካያክ ስንት ሰዓት ላይ ነው ጥሩ? ሆቴላችን ከሰዓት በኋላ ይሻላል አለን።

አይሻልም። ይሄን ጉዳይ ጠበቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ጣና ላይ የካያክ ሰዓት ጠዋት ነው፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስታችሁ 4 ሰዓት ላይ ብትመለሱ የሚሻለው እሱ ነው። ለምን መሰላችሁ፣ ቀን ላይ መሬቱ ከውሃው ቶሎ ይሞቃል፣ የሞቀው አየር ወደላይ ሲወጣ ከሐይቁ ቀዝቃዛው ወደ ዳር ይነፍሳል፣ ከሰዓት ላይ ይበረታል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ነፋሱ ረጅም ሜዳ ያገኛል ማለት ነው፣ ጥልቀቱ ደግሞ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር አካባቢ ቢሆን ነው። ሰው ጥልቅ ካልሆነ አደጋ የለውም ይላል፣ ግን ጥልቀት በሌለው ሰፊ ውሃ ላይ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ አንዱን ሳትጨርሱ ሌላው ይደርሳል። ወደ ከተማ ስትመለሱ ከኋላ ስለሚመታችሁ ካያኩን ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ሰው የሚገለበጠው ያኔ ነው። ክረምት ላይ መብረቁም አለ፣ ሰማዩ በሰሜን ጠቆር ካለ ዳር ውጡ በቃ።

ላይፍ ጃኬት ዋና የሚችልም ያድርግ። የሌለው ጀልባ ላይ አትሳፈሩ። ካያክ ደግሞ ከተማው ውስጥ እንደልብ አይገኝም፣ ከመምጣታችሁ በፊት ደውላችሁ አስይዙ፣ ሲሰጧችሁ ገልብጣችሁ ስንጥቅ እንደሌለው እዩ።

ጥያቄ፦ ጉማሬ ይነካል? ልጆች ይዘን ነው የምንመጣው።

ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት አካባቢ፣ ደብረ ማርያም ጋ፣ ጉማሬ አለ፣ ሁሌም ነበረ። ከልጅ ጋር ከሆናችሁ ትልቅ ሞተር ጀልባ ላይ ሆናችሁ ከሩቁ እዩ፣ ካያክ ይዛችሁ አትሂዱ። አዋቂም ቢሆን እንግዳዬን እዛ ጉማሬ ፍለጋ በካያክ አልወስድም። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል ንጋት ላይ ይመለሳል፣ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ውሃ ነው፣ እና እናንተ በሱና በጥልቁ መሃል ከተገኛችሁ መንገድ ዘግታችሁበታል ማለት ነው። ደንገሉ ጥቅጥቅ ያለበት ጥግ ሄዳችሁ ፎቶ አትነሱ፣ ውስጡ ምን እንደተኛ አይታይም። ሌላ የምለምናችሁ ነገር፣ ወንዙ ወደሚወጣበት ወደ ጨረጨራ ግድብ በኩል አትቅዘፉ፣ ውሃው ወደ በሮቹ ይስባል።

ጥያቄ፦ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በካያክ ወይ በራፍቲንግ (በጎማ ጀልባ) መውረድስ?

አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1968 የእንግሊዝ ጦር ያደራጀው ትልቅ ጉዞ በዛ ሸለቆ ወርዶ ሰው ሞቶበታል፣ ያኔ አውሮፕላንና ሬዲዮ ሁሉ ነበራቸው። ገደል ነው፣ አዞ አለ፣ መውጫ የለም። ማንም በዚህ ዋጋ አወርዳችኋለሁ ካላችሁ እምቢ በሉ።

ጥያቄ፦ ጢስ ዓባይን በሳይክል፣ መቼ?

30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሲሄዱ በጥቅሉ ቁልቁል ያደላል፣ ስለዚህ ጉልበታችሁን ለመልሱ አስቀሩ ወይ ሳይክሉን መኪና ላይ ጭናችሁ ተመለሱ። ወሩ ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ነው፣ እኔ ጥቅምትን እመርጣለሁ፣ ውሃው ገና አለ መንገዱ ግን ደርቋል። በበጋ ውሃው ለመብራት ስለሚሄድ፣ አብዛኛውም በጣና በለስ ማመንጫ በኩል ስለሚወሰድ፣ 40 ምናምን ሜትሩ ገደል ላይ የምታዩት ቀጭን ነገር ነው፣ ሚያዝያ ላይ ሄዶ ያዘነ ስንት ሰው አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ግን በየትኛውም ወር ታዩታላችሁ፣ እዛ ላይ ሳይክል ገፍታችሁ እለፉ።

ጥያቄ፦ ጣና ላይ መዋኘት እንዴት ነው? ቢልሃርዚያ አለ ሲሉ ሰማሁ።

አለ። የቢልሃርዚያው ትል ዳር ዳር፣ ሣርና ደንገል ባለበት ረጋ ባለ ውሃ ከሚኖር ቀንድ አውጣ ነው የሚወጣው፣ በቆዳ ይገባል። ከካያክ ስትወርዱ እግራችሁ መንካቱ አይቀርም፣ ቶሎ አድርቁት፣ ጭቃ ውስጥ ቆማችሁ አትጫወቱ። ውሃ የነካው ሰው ከወር ተኩል ከሁለት ወር በኋላ ቢመረመር ጥሩ ነው፣ ከተገኘ መድኃኒቱ ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በሐኪም ነው የሚወሰደው። ወባም አለ፣ በተለይ ክረምቱ እንዳለቀ፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ።

ጥያቄ፦ እምቦጩ ካያክ ያስቀዝፋል?

በዝቶ ያለው በሰሜንና ሰሜን ምሥራቅ በኩል ነው፣ በደንቢያ በፎገራ አቅጣጫ። እ.ኤ.አ. በ2011 አካባቢ ነው ጎልቶ የታየው፣ ከዛ ወዲህ ገበሬው በእጁ እየነቀለ ነው የኖረው፣ አሳ አስጋሪው መረቡ ተይዞበት ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ማየት ያማል። ጥቅጥቅ ያለው ምንጣፍ ውስጥ በካያክ አትግቡ፣ መቅዘፊያው አይሠራም። ዋናው ግን ከዛ ወገን የመጣ ካያክ ወይ መረብ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ሌላ ውሃ ውስጥ አይግባ፣ ቁራጯ ትበቅላለች።

ጥያቄ፦ ሴቶች ነን፣ ገዳማቱ ያስገቡናል?

የዘጌዎቹ ያስገባሉ፣ እንጦስ ኢየሱስም ያስገባል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ለወንድ ብቻ ናቸው። ነጠላ ያዙ፣ የሳይክል ቁምጣ ላይ የሚደረብ ረጅም ቀሚስ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፣ ወንዶችም ቁምጣ ለብሳችሁ አትግቡ። እያንዳንዱ ገዳም ለየብቻ ያስከፍላል፣ ጥሬ ብር ዘርዝራችሁ ያዙ።

ጥያቄ፦ ጸጥታውስ? እውነቱን ንገረን።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልሉ ውስጥ ያለውን ግጭት ታውቃላችሁ። መንገድ ይዘጋል ይከፈታል፣ ትናንት የተሄደበት ዛሬ አይኬድም። ስለዚህ ማንም ከወር በፊት ዋስትና ሊሰጣችሁ አይችልም፣ የምትሄዱበት ቦታ ያለ ሰው ጋ የዛኑ ዕለት ጠዋት ተደውሎ ነው የሚወሰነው። አስጎብኚያችሁ ዛሬ አንወጣም ካለ አትጫኑት፣ እሱም ያን ቀን ገቢ አጥቶ ነው እንዲህ የሚላችሁ። ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች አሉ፣ እንግዳ እንዲመጣ ከማንም በላይ የሚፈልጉት እነሱ ናቸው፣ አይሆንም ካሉ ምክንያት አላቸው።

ጥያቄ፦ ምን መለዋወጫ ልያዝ?

ሁለት ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽና ልጣፊ፣ የካቴና ማያያዣ። የግራር እሾህ በየገጠር መንገዱ አለ። ጎሚስታ ከተማ ውስጥ ሞልቷል፣ ዲስክ ፍሬን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፣ የፍሬን ሸራ ከአዲስ አበባ ያዙ። ውሃ በሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር።

ጥያቄ፦ አባቴ 67 ዓመታቸው ነው፣ አብረውን መምጣት ይፈልጋሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

በደንብ ይምጡ እንጂ! ጋሼ በሞተር ጀልባ ወደ ዘጌ ይሂዱ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ እናንተ ማለዳ በሳይክል ተነሱና ዑራ ወደብ ላይ ተገናኙ። ከወደቡ እስከ ገዳሙ ያለው ዳገት ነው፣ ቀስ ብለው በከዘራ ይወጡታል፣ መሃል ላይ ማረፊያ ሞልቷል። ከፈለጉ ታንኳ የሚሠሩ ሰዎች ደንገሉን እንዴት እንደሚያስሩት ቁጭ ብለው ይዩ፣ ለሳቸው ከኛ ሳይክል የበለጠ ያስደስታቸዋል ብዬ አስባለሁ። ስትመለሱ ሳይክሎቹ ጀልባው ላይ ይጫናሉ፣ ግን ሁለት ሦስት ሳይክል የሚችል መሆኑን ቀድማችሁ አረጋግጡ፣ መነሻውም ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት እንዲሆን ከጀልባው ሹፌር ጋር ጠዋቱኑ ተነጋገሩ።