በኤቶሻ ራስን እየነዱ መጎብኘት

ጥያቄ፦ አራት ሆነን በነሐሴ ወደ ናሚቢያው ኤቶሻ ፓርክ መኪና ተከራይተን ልንገባ ነው። ፎር ባይ ፎር ግድ ነው? እንስሳቱንስ የት እንጠብቅ?

መልስ፦ ግድ አይደለም፤ ዋና ዋናዎቹን የጠጠር መንገዶች ትንሽ መኪናም ይወጣቸዋል። ከፍ ያለ መኪና ግን ከሣሩ በላይ ያሳያል። የሚያስቸግረው ጎማ ነው። ለአስፋልት በተነፋበት ልክ ከተነዳ ስለታሙ ድንጋይ ይቀደዋል፤ ወደ 1.8 ባር ግድም አስተንፍሱት፣ አስፋልት ስትደርሱ መልሳችሁ አስነፉ። የፓርኩ የፍጥነት ወሰን በሰዓት 60 ኪ.ሜ. ነው። መኪናውን ከመረከባችሁ በፊት ስኮርታውንና ክሪኩን አውጥታችሁ እዩ። መሪው በቀኝ ነው፤ የምትነዱት በግራ።

ነሐሴ እዚያ ደረቅ ወቅት ስለሆነ እንስሳቱ ለመጠጣት ወደ ውሃው ይመጣሉ፤ ማሳደድ አያስፈልግም፣ የሚጠጡበት ውሃ ዳር ሞተር አጥፍቶ መቀመጥ ይበልጣል። ኦካውኩዮ ካምፕ ካደራችሁ ውሃው ሌሊቱን መብራት ስላለው ጥቁር አውራሪስ ሲጠጣ የማየት ዕድል አላችሁ። ጃኬት ያዙ፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በሩ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዘጋል። ወደ ደቡብ ስትመለሱ ጥሬ ሥጋ አትያዙ፤ የእንስሳት በሽታ መቆጣጠሪያ ኬላው ላይ ይወሰድባችኋል።