ጎጀብ ወንዝ ዳር የምትፈለፍለውን ወፍ ስንት ሜትር ቀርቦ ፎቶ ማንሣት ይቻላል?

የጠየቁት፣ በጥር ከጅማ ወደ ጎጀብ ወርደው ሦስት ሌሊት በድንኳን ሲያድሩ፣ በወንዙ ዳር የአፈር ግድግዳ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ የምትፈለፍለውን ጥቁርና ነጭ ዓሣ አጥማጅ ወፍ ስንት ሜትር ቀርበው ፎቶ ማንሣት እንደሚችሉ ነው። በሜትር ብቻ ብመልስልዎ የማሳስትዎ ስለሚመስለኝ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ።

እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ከጉድጓዱ ዐሥር ሜትር ያህል ርቄ ሣር ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ሴቷ (ደረቷ ላይ ያለው ጥቁር መቀነት አንድና መሃሉ ላይ የተቋረጠ ነው፤ ወንዱ ሁለት አለው) ትንሽ ዓሣ ይዛ መጥታ ከጉድጓዱ ፊት ለፊት ባለ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ዐረፈች። የዓሣው ጭንቅላት ወደ ውጭ ነበር። ይህች ወፍ ራሷ የምትበላውን ዓሣ ጭንቅላቱን ወደ ጉሮሮዋ አዙራ ትውጠዋለች፤ ለጫጩት የምትወስደውን ግን፣ ጫጩቱ ከጭንቅላቱ በኩል እንዲውጠውና ክንፉ ጉሮሮውን እንዳይቧጥጠው፣ ጭንቅላቱን ወደ ፊት አድርጋ ትይዘዋለች። አርባ ደቂቃ ያህል አንዴ ወደ እኔ፣ አንዴ ወደ ጉድጓዱ እያየች ቆየች። በመጨረሻ ዓሣውን ቅርንጫፉ ላይ ደጋግማ መታችና አገላብጣ ራሷ ዋጠችው። የዚያን ቀን ፎቶዎቼ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ነገር ግን ጫጩቶቹ ጉርሻቸውን ያጡበት ሰዓት ስለሆነ እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየኋቸውም።

ስለዚህ ርቀቱን የምትወስነው ወፏ ናት። ጭንቅላቱ ወደ ፊት የሆነ ዓሣ ይዛ ከጥቂት ደቂቃ በላይ ወደ ጉድጓዱ ሳትገባ ከቆየች ቦታዎ ቅርብ ነውና ተነሥተው ይራቁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ጉድጓዱን ትቼ ዓሣ የምታጠምድበትን ቦታ ነው የማነሣው። ከጎጆዋ ርቃ፣ ከውሃው በላይ አንድ ቦታ ላይ ቆማ ክንፏን ስታርገበግብ ወይም ስትወረወር፣ በ400 ሚሊ ሜትር ሌንስና በሰከንድ 1/2000 የመዝጊያ ፍጥነት፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ብርሃን፣ ከጎጆው በር ላይ ከሚገኘው የበለጠ ሕይወት ያለው ምስል ይገኛል። ለመደበቂያ ከጅማ ገበያ የገዛሁትን የቡና ጆንያ ሰፍቼ በአራት እንጨት ላይ እዘረጋለሁ፤ ቀለሙ ከደረቅ ሣር ጋር ይመሳሰላል። መደበቂያውን ከዋዜማው ማታ ይትከሉት። ፍላሽና ድሮን ይተዉ፤ ለእይታ ብለውም ቅርንጫፍ አይቁረጡ፤ የሸፈነው ቅጠል ሲነሣ ጎጆው ለጭልፊትና ለአርጃኖ ይጋለጣል።

ስለ ድንኳኑ ደግሞ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገርዎ። ጉድጓዱ ወደ ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ሊዘልቅ ስለሚችል፣ ከገደሉ አናት ላይ ድንኳን መትከል ይቅርና መመላለስ እንኳ ጣሪያውን ሊንደው ይችላል። ጠርዙን ትተው ወደ ኋላ፣ ከፍ ወዳለው መሬት ይሂዱ። ይህ ለእርስዎም ይበጃል፤ እርስዎ ያሉበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ በደጋው የዘነበው ዝናብ ሌሊት ወንዙን ሊያስነሣው ይችላል፤ ሣሩ ተረግጦ የተላጨ መንገድ ካዩም ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣበት ሊሆን ስለሚችል ይራቁት። ቆላው የወባ አገር ነውና አጎበር አይርሱ። ሰማያዊና ጥቁር ልብስም አይልበሱ፤ ከብቱን በገንዲ በሽታ የሚያሳምመው የቆላ ዝንብ በእነዚህ ቀለሞች ይሳባል፤ ለማጥመጃውም የሚመረጠው ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ነው።

ከመሄድዎ በፊት ግን በከተማችን ጫፍ ባለው በቦዬ ረግረግ ሁለት ሦስት ጠዋት ቢለማመዱ እመርጣለሁ። ጎጆአቸውን በሣር የሚጠልፉት ቢጫ ወፎች ሰው ይለምዳሉ፤ ወንዱ ከጎጆው ሥር ተዘቅዝቆ ክንፉን እያርገበገበ ሴቷን ሲጠራ ከሩቅም ያምራል። የጆንያ መደበቂያዬ እስከ ጥር ሥራ ስለሌለው፣ ከፈለጉ መጥተው ይውሰዱት።