እንስሳ መውደድ ብቻውን እንጀራ ይሆናል?

ከሎስ አንጀለስ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ የድሮ የአሜሪካ ኮሜዲዎችን እያየሽ ስላደግሽ እንስሳትን ለቴሌቪዥን ማሰልጠን እንደምትፈልጊ፣ ቤተሰብ ግን «ነርሲንግ ግቢ» እንደሚልሽ ነግረሽኛል። «እንስሳ በጣም ስለምወድ ይሳካልኛል?» የሚለው ጥያቄሽ ላይ ላተኩር።

መውደድሽ ጥሩ ነው፤ እንጀራ የሚሆንሽ ግን አንዱን ነገር ሳይሰለቹ መደጋገም ነው። ከእ.ኤ.አ. 1961 እስከ 1966 በታየው «ሚስተር ኤድ» ላይ የሚያወራውን ፈረስ ታስታውሺያለሽ። ትክክለኛ ስሙ ባምቡ ሃርቬስተር ነው። ከንፈሩን የሚያንቀሳቅሰው የኦቾሎኒ ቅቤ እየተቀባ ነው ሲባል ኖሯል፤ አብሮት የተወነው አላን ያንግ ግን ወሬውን ራሱ እንደፈጠረው በኋላ ተናግሯል። አሰልጣኙ ሌስ ሂልተን መጀመሪያ ከከንፈሩ ሥር ናይሎን ክር አድርጎ ይስብ ነበር። ቀጥሎ ሰኮናውን ሲነካው ከንፈሩን እንዲያንቀሳቅስ አስተማረው። እያደር ፈረሱ ያንግ ንግግሩን ሲጨርስ ጠብቆ በራሱ «መመለስ» ጀመረ። ከሰው ተዋንያን እንኳ ተራውን እንዲህ የሚጠብቅ ብዙ አይገኝም!

«ግሪን ኤከርስ» በተባለው ኮሜዲ ላይ አርኖልድ የተባለውን አሳማ ያሰለጠነው ፍራንክ ኢን ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት፦ አሳማ ቶሎ ስለሚያድግ ሌላ ግልገል እየተካ ትምህርቱን ከሀ ይጀምር ነበር። «ፍሬዠር» በተባለው ኮሜዲ ላይ ኤዲ የተባለውን ውሻ ሆኖ የተጫወተው ሙስም ቢሆን ባለቤቶቹን አስቸግሮ ለአሰልጣኞች የተሰጠ ውሻ ነው።

የገንዘቡን ነገር አልደብቅሽም። ሥራው ባብዛኛው ቀረጻ ሲገኝ ብቻ የሚሠራ ነው፤ ድሮ በእንስሳ ይሠራ የነበረውን ብዙ ነገርም ዛሬ ኮምፒውተር ወስዶታል። ቤተሰብሽ የሰጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሻንነትን አብረሽ አስቢበት፤ ቀረጻ በጠፋበት ወር ኪራይ ይከፍልልሻል።

ትምህርቱን በተመለከተ ሙርፓርክ ኮሌጅ ቅርብሽ ነው። የእንስሳት ማሰልጠን ፕሮግራም አለው፣ ግቢው ውስጥም የራሱ መካነ አራዊት። ተማሪዎቹ ያጸዳሉ፣ ይመግባሉ፤ እንስሳ ደግሞ ቅዳሜና እሁድ፣ በዓል አያውቅም።

ከማመልከትሽ በፊት በአካባቢሽ ባለ የውሻ መጠለያ በፈቃደኝነት ግቢ። አንዱን ውሻ መሬት ላይ ወደተለጠፈ ምልክት ሄዶ እንዲቆም አስተምሪው፤ በድምፅ ሳይሆን በእጅ ብቻ፣ ምክንያቱም በቀረጻ ጊዜ ድምፅሽ ማይክ ውስጥ ይገባል። ጓደኛሽ በስልክ ትቅረጽሽ። ቪዲዮውን ስታዪ ውሻውን ተዪና እጅሽን ተመልከቺ፦ ምልክቱን የሰጠሽው፣ ጉርሻውን ያቀበልሽው በሰዓቱ ነው ወይስ ዘግይተሽ?